ካላለቀ አትመጣም

የኦክስጅን ፋብሪካው ሠራተኞች ሹፌራቸውን «ትንፋሽ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት የሲሊንደር ሙሌት ክፍሏ አለቃ ናት፤ ሁለት ነገር ታዝባ ነው። አንደኛው፣ ሥራው ትንፋሽ ላጠረው ሁሉ ትንፋሽ ማድረስ መሆኑ፤ ሁለተኛው፣ እሱ ራሱ ትንፋሹ የማይሰማ ሰው መሆኑ። ጠዋት ይመጣል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይላል፣ ሲሊንደሮቹን ጭኖ ይወጣል። ማታ ባዶዎቹን ያራግፍና እንደ አመጣጡ ይሄዳል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እሱ ግን ዝም ያለው ዝንቡን ፈርቶ አልነበረም። ከማን ጋር ያውራ?

ሹፌሩ ትንፋሽ የቤቱ የበኩር ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ገና ጢም አላበቀለም ነበር፤ እናቱም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች። ታናናሾቹን እሱ አሳደገ፣ አስተማረ፣ ዳረ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃ። የእነሱን ጎጆ ሲያቆም የራሱ ሳይቆም ዕድሜው አመለጠው። ወንድሞቹም እህቱም ክፉዎች አይደሉም። ድግስ ሲኖር ይጠሩታል፣ ከፍ ያለውን ወንበር ይሰጡታል፣ «አባታችን ማለት ነው» እያሉ ለእንግዳ ያስተዋውቁታል። በማግስቱ ሁሉም ወደየኑሮው ነው። እንደ አባት የሚከበር ሰው ደግሞ «ናፍቃችሁኝ መጣሁ» ብሎ በር አያንኳኳም፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይመስለው ነበር። የሚኖረው በኪራይ ክፍል ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለው። ድሮ ሌላም ወንበር ነበረው፤ የሚቀመጥበት ሰው ሲጠፋ ልብስ መከመሪያ ሆነና በመጨረሻ ለጎረቤት ሰጠው።

ሥራውን ግን ይወደዋል። ፋብሪካው ማንም በነፃ የሚተነፍሰውን አየር ከደጅ ይስባል፣ ያጣራል፣ እንደ ውሃ እስኪፈስ ድረስ ያቀዘቅዘዋል፣ ኦክስጅኑን ከሌላው ለይቶ ሲሊንደር ውስጥ ያጭቀዋል። ከዚያ ወዲያ ዕጣው ነው። አንዱ ሆስፒታል ይገባና ያለቀኑ የተወለደ ሕፃን ያስተነፍሳል። አንዱ ብየዳ ቤት ይገባና ሌላ ጋዝ አንድዶ የመኪና ሻንሲ እንደ ሳሙና ይቆርጣል። አንዱ ከከተማ ወጣ ብሎ ዓሣ እርባታው ጋ ይወርድና ለገበያ የሚጓዙት ዓሦች በርሜል ውስጥ ይንፎለፎላል። የዓሣ እርባታው ሰውዬ በመጣ ቁጥር ያችኑ ቀልድ ይደግምለታል፤ «ዓሦቼ ከልጆቼ ይልቅ ተቀማጥለዋል፤ ለልጆቼ አየር ገዝቼላቸው አላውቅም።» ትንፋሽ ፈገግ ይላል፤ አውርዶ ይሄዳል።

ኦክስጅን ራሱ እንደማይነድ፣ የሚነደውን ነገር ግን እንደሚያሳብደው ያውቃል። ይህን ያወቀው በኮርስ ብቻ አይደለም። ደንበኛው የነበረ አንድ በያጅ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ የቱታውን አቧራ በኦክስጅኑ ቱቦ እየነፋ ማራገፍ ይወድ ነበር፤ ደስ የሚል ቅዝቃዜ አለው ይላል። አንድ ቀን እንዲሁ ነፍቶ ሲያበቃ ሲጋራ ለኮሰ። ቱታው እንደ ክብሪት ራስ ቦግ አለ። ነፍሱ ተረፈች፣ እጁ ግን ከዚያ በኋላ የብየዳ ችቦ መያዝ አልቻለም። ትንፋሽ ከዚያ ወዲህ ቅባት በነካ እጁ የሲሊንደር ቫልቭ ነክቶ አያውቅም፤ መኪናው ውስጥ ሳሙናና የውሃ ጀሪካን አይለየውም።

እማማ ከሚላቸው አሮጊት ደንበኛ ቤት መሄድ የጀመረው ቤት ለቤት የሚያደርሰው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ነው። ቤታቸው መኪና በማያስገባ ቅያስ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲሊንደሩን በጋሪ እየገፋ ይገባል። እማማ ሳንባቸው የደከመ፣ አእምሮአቸው ግን እንደ ምላጭ የሰላ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ስልክ ቤት ውስጥ ነው፤ ሰው ከሰው በእጅ በሚገናኝበት ዘመን መስመር ሲሰኩና ሲነቅሉ የኖሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ፣ ትልቅ ሥራ ላይ ናት። የኦክስጅኑን ሒሳብ ለፋብሪካው የምትከፍለው እሷ ናት፤ በየማታውም ትደውላለች። እሳቸውም በየማታው ደህና ነኝ ይሏታል።

በመጀመሪያው ቀን ሲሊንደሩን ለውጦ፣ የግፊት መለኪያ ጌጁን አስሮ፣ ኦክስጅኑን የምታረጥበዋን የውሃ ጠርሙስ ሞልቶ፣ የአፍንጫቸውን ቱቦ አስተካክሎ ሊወጣ ሲል፣ ሻይ ሳትጠጣ የት ልትሄድ ነው ልጄ አሉት። ትንፋሽ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነው። «ልጄ» ብሎ የጠራው ሰው መቼ እንደነበር ሊያስታውስ ሞክሮ አልመጣለትም። ቁጭ አለ።

እማማ ወሬ ማስረዘም ያውቁበታል። ምን አየህ ዛሬ ይሉታል። ምንም ካላቸው፣ ምንም የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ሰው በስልክ ምንም ካለ በኋላ ያልሰማሁት ጉድ የለም ይሉታል። ከዚያ ስለ ስልክ ቤቱ ይነግሩታል፤ በስልክ ስለተጣሉ ባልና ሚስት፣ መስመሩ ተቆርጦባቸው ስለታረቁ ወንድማማቾች፤ ድምፅ ብቻ ሰምተው ሰውየው መላጣ መሆኑን አለመሆኑን እንደሚያውቁ።

«ሠላሳ ዓመት ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖርኩ» አሉት አንድ ቀን። «አሁን እኔ ስደውል መስመሩ ሁሉ ተይዟል።»

ይህን ሲሉ እየሳቁ ነበር። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ እሱም የሲሊንደሯን ቁልፍ ከፈት አደረገላቸው።

ቀስ በቀስ ትንፋሽ መንገድ ላይ ወሬ መልቀም ጀመረ። ድሮ አይቶ የሚያልፈውን ነገር አሁን ቆም ብሎ ያየዋል፤ ይህንን ለእማማ እነግራቸዋለሁ ይላል። አንድ በያጅ ከደንበኛው ጋር የተጨቃጨቀውን፣ መስታወት ሠሪው በነበልባል ፊት ጉንጩን ነፍቶ ብርጭቆ ሲያወጣ ያየውን፣ የማዋለጃ ክፍሏ ነርስ ሕፃኑ ሲያለቅስ እሷም አብራ እንዳለቀሰች። ሲነግራቸው ግን እሱ ራሱ ይገርመው ነበር። ያን ሁሉ ቃል የት ደብቆት ኖሯል?

ከጊዜ በኋላ እማማ ቶሎ ቶሎ መጥራት ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ይቆይ የነበረው ሲሊንደር በሳምንት ያልቃል፤ ከዚያም ሳምንት አልሞላ አለ። የፋብሪካው ቢሮ ያለችው ልጅ «የቅያሷ እናትህ ደወሉ» ባለችው ቁጥር ልቡ ዘለል ይላል። ወዲያው ደግሞ በራሱ ያፍራል። ለምን ቢሉ፣ ኦክስጅን ቶሎ አለቀ ማለት ሳንባ ደከመ ማለት ነዋ። እሱን ያስደሰተው የእሳቸው መድከም ነው። በየመንገዱ ይህንን እያሰበ መሪውን ጨብጦ ይነዳል። እሳቸውን ሲያይ ግን ፊታቸው ያው ነው፣ ከንፈራቸው አልጠቆረም፣ ወሬያቸውም አልቀነሰም። ነገሩ አልገባውም፤ ልጠይቅ ቢል ደግሞ እንዴት ብሎ? ሐኪም አይደለም። ቢሮው በበኩሉ ለእማማ ልጅ የእናትሽ ፍጆታ ጨምሯል ብሎ አሳወቀ። ልጅየዋ ደነገጠች፤ ሐኪማቸውን አማከረች፤ ሐኪሙም ነገሩ እንዲህ ከሆነ ለብቻቸው መኖራቸው ያሠጋል አላት።

አንድ ቀን እማማ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ነው ብለው ደወሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይደርስልዎታል ተባሉ። በዚያን ቀን ግን የዓሣ እርባታው መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ጉዞው ቀረ። ትንፋሽ ጊዜ ሲተርፈው ከተባለው ሰዓት ቀደም ብሎ ወደ ቅያሷ ገባ።

በሩ ጋ ሲደርስ ከውስጥ ድምፅ ሰማ። ቧንቧ ተረስቶ የሚፈስ ይመስላል፤ ግን ውሃ አይደለም። እሱ ይህንን ድምፅ በእንቅልፍ ልቡም ቢሆን ይለየዋል። ሳያንኳኳ ገፍቶ ገባ።

መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል። ሲሊንደሩ አልጋው ራስጌ ቆሞ፣ ቱቦው ተነቅሎ፣ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ እንዲሁ ወደ ክፍሉ ይነፋል። እማማ ወደ ማድ ቤት በሚያስገባው በር ላይ ቆመዋል፤ ትከሻቸው ላይ የሱፍ ፎጣ ጣል አድርገዋል። በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የክብሪት ቀፎ ይዘዋል።

«እማማ» አለ ትንፋሽ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ክብሪቱን እንዳይጭሩት። እንዳይንቀሳቀሱ።»

ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ሰምተው ደርቀው ቀሩ። ሄዶ ቫልቩን ዘጋ። ድምፁ ሲቆም ቤቱ ጭር አለ። ክብሪቱን ከጣታቸው አወጣና ኪሱ ከተተው። መስኮቱንና በሮቹን በሙሉ ከፈተ። ከዚያ ደግፎ ወደ ግቢው አወጣቸው፣ በርጩማ ላይ አስቀመጣቸው፣ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አንሥቶ የራሱን ጃኬት ደረበላቸው። አዲሱን ሲሊንደር ጋሪው ላይ እንዳለ አጠገባቸው አቆመና ጌጁን አሰረ፤ ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አደረገላቸው። መጋረጃውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ፎጣውን ሁሉ አውጥቶ ገመድ ላይ አሰጣው፤ እያንዳንዱን እያነሣ አራገፈው። ሁሉን ጨርሶ ሲያበቃ ነው መሬት ላይ፣ እግራቸው አጠገብ፣ የተቀመጠው።

የበያጁን ነገር ነገራቸው፤ ቱታው እንዴት እንደነደደ። ጨርቅ ኦክስጅን ሲጠጣ ለዓይን እንደማይታይ፣ አንዲት ብልጭታ እንደምትበቃው ነገራቸው። እሳቸው የግቢውን ሲሚንቶ እያዩ ይሰማሉ። ቁጣ ጠብቀው ነበር መሰለኝ፤ እሱ ግን አልተቆጣም። ለምን ይህን እንዳደረጉ ብቻ ጠየቃቸው።

«ካላለቀ አትመጣማ» አሉ እማማ።

ትንፋሽ ቤታቸው ገብቶ በወጣባቸው ቀናት ሁሉ ሲያስብ የኖረው የእሳቸውን ሳንባ ነበር፤ ይህ ግን በሐሳቡም አልመጣ። እሳቸው ቀጠሉ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር ያደረጉት፤ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ከፈት ማድረግ። በኋላ ግማሹን፣ ከግማሽም በላይ። ድምፁ ራሱ፣ ሲነፋ ሲሰሙት፣ ሰው ወደ ቤት እየመጣ ያለ ይመስላቸው እንደነበር ነገሩት። መስኮቱን የሚዘጉት ጎረቤት እንዳይሰማ ነው። ሻዩንም እሱ ሲደርስ ፈልቶ እንዲቆየው ብለው ነው።

«ነውር ነው አይደል?» አሉ።

«ነውር አይደለም።» ትንፋሽ የሚለውን ፈለገ። በሕይወቱ ለማንም ያላለው ነገር ከአፉ ወጣ፤ «እኔም እኮ ሰው የለኝም፣ እማማ። ሲደውሉ ደስ ይለኝ ነበር። ሕመም መስሎኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።»

እማማ ቀና ብለው አዩት። እጃቸውን ሽበቱ ላይ አሳረፉ፤ እንደዚያው ቆዩ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ሳያልቅም እመጣለሁ አላቸው። እሳቸውም ቁልፏን ከተባለው በላይ እንዳይነኩ ቃል ገቡለት፤ አንድ ነገር ግን አስማሉት። ልጃቸው እንዳትሰማ። እናቷ ለወሬ ብላ ትንፋሿን ደፋች ሲባል ከመስማት መሞት ይሻለኛል አሉ። ምሎ ሄደ።

የእረፍት ቀኑ ሲደርስ ያለ ጋሪ፣ ያለ ቱታ፣ በባዶ እጅ ወደ ቅያሷ መግባት ከብዶት ነበር። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። መንገድ ላይ ብርቱካን ገዛና ከረጢቷን እንደ መታወቂያ ይዞ ገባ። እማማ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቁት ነበር። ያን ቀን እስኪመሽ ተጫወቱ። የሚቀጥለውም እረፍት እንዲሁ ሆነ፣ ከዚያም የሚቀጥለው። ሲሊንደሩ ወደ ድሮ ልኩ ተመለሰ። ትንፋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የእረፍት ቀኑን የሚጠብቅ ሰው ሆነ፤ ፀጉሩን መቆረጥ አዘወተረ፤ የሙሌት ክፍሏ አለቃም፣ ትንፋሽ ሚስት ሊያገባ ነው መሰለኝ እያለች ታስቅበት ጀመር።

ልጅየዋ ግን ቀድሞ የሰማችውን ይዛ ነገር ስታዘጋጅ ቆይታ ኖሯል። ቤቷ ውስጥ ክፍል አሰናዳች። በኤሌክትሪክ እየሠራ ከክፍሉ አየር ኦክስጅን ለይቶ የሚያወጣ ማሽን ገዛች፤ ሲሊንደር የለ፣ አመላላሽ የለ። ከዚያም ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ እናቷን ልታመጣ መጣች። ትንፋሽ የሰማው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቅያሷ ጋ ያሉትን ሲሊንደሮች ሰብስበህ አምጣ፣ ደንበኛዋ ሊሄዱ ነው ሲሉት።

ሲደርስ ሻንጣዎቹ በር ላይ ተደርድረዋል። እማማ ካፖርታቸውን ለብሰው የአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ አየት አድርገውት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ልጅየዋ ደከም ያለች፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያላየ፣ ትሑት ሴት ናት። ለድካሙ አመሰገነችው። እናቷ እንዲህ መድከማቸውን ቀድማ ባለማወቋ ራሷን እንደምትወቅስ፣ ሲደርሱ በቀጥታ ሆስፒታል እንደምታስገባቸው፣ ጠንከር ያለ ሕክምና እንደሚጀመርላቸው ነገረችው። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ላይኖራቸው ይችላል ብሏታል።

ትንፋሽ ሲሊንደሩን ጋሪው ላይ አጋደመ፤ መልሶ አቆመው። አንድ ቃል ቢናገር መሐላው ይፈርሳል። ዝም ቢል ደግሞ እማማ ያልታመሙትን ሕመም ሊታከሙ፣ እንደ ሟች ታዝነው ሊሄዱ ነው። ዝም ማለት እንደሆነ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ሙያ ነው። ደግሞ ልቡ አንድ ነገር ሹክ አለው፤ እውነቱ ቢወጣ እኮ መሄዳቸው ይቀራል፤ ቤታቸው ይቀራሉ፤ የእረፍት ቀኑም ይተርፋል። ይህንን ሲያስብ ለእሳቸው ብሎ ይሁን ለራሱ መለየት አቃተው።

«እህቴ» አለ በመጨረሻ። «እናትዎ አልባሰባቸውም።»

እማማ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሱም ሁሉንም ተናገረ፤ የተነቀለውን ቱቦ፣ የተዘጋውን መስኮት፣ ያሉትንም ቃል። ክብሪቱን ብቻ ተወው። ሲናገር ልጅየዋን ማየት አልቻለም፤ የጋሪውን እጀታ እያየ ነው የጨረሰው።

ልጅየዋ ቀስ ብላ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ትንፋሽ አጠራት ብዬ ስሮጥ መጣሁ» አለች። «ያጠራትስ ሰው ነው።»

ከዚያ ተነሥታ እናቷ እግር ሥር በርከክ አለች። በየማታው ስደውል ደህና ነኝ እያልሽ ለምን ነይ አላልሽኝም አለቻቸው። እማማ ሥራሽን እንዳላስፈታሽ ብዬ ነው አሉ፤ አንቺስ ለምን ነይ አላልሽኝም። ልጅየዋ ከቤትሽ መነሣት የማትፈልጊ መስሎኝ አለች። እናትና ልጅ እንዲህ ሲተዛዘኑ በየማታው ተደዋውለዋል፤ መስመሩም ተቆርጦባቸው አያውቅም።

ትንፋሽ የጠበቀው ሻንጣው ሲፈታ ነበር። ልጅየዋ ግን እናቷ አንገት ሥር ገብታ፣ እንግዲያስ ይበልጥ ነው የምወስድሽ አለቻቸው፤ ለሆስፒታል ሳይሆን ለቤቴ፣ ልጆቼ አያታቸውን ይወቁ፣ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ድምፅሽን ልስማ። እማማ ፊታቸውን ከግድግዳው አነሡና ትንፋሽን አዩት፤ ልጅየዋን አይደለም፣ እሱን።

«ልሂድ?» አሉት።

አይሂዱ ቢል ይቀሩ ነበር። ይህንን እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ይሂዱ፣ እማማ» አለ።

መኪናው ድረስ ደግፎ ያደረሳቸው እሱ ነው። ለመንገዱ የሚሆን ትንሽ ሲሊንደር ከኋላ ወንበር ጋር አጥብቆ አሰረላቸው፤ ልጅየዋን እንዴት እንደሚከፈት፣ መኪናው ውስጥ ማንም ሲጋራ እንዳይለኩስ፣ መስኮት ገርበብ እንዲል አስረዳት። እማማ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ክንዱን ያዙት። ቅር ብሏቸው እንደሆነ ፊታቸው ላይ ሊያነብ ሞከረ፤ ብሏቸዋልም፣ አላላቸውምም።

«ከመቼ ወዲህ ነው አፍህ እንዲህ የተፈታ?» አሉት። ቀጥለው ደግሞ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «የፈታሁት እኔው ነኝ፤ ማንን ልውቀስ» አሉ።

መኪናው ሄደ። ትንፋሽ ወደ ቅያሷ ተመልሶ ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ ቤቱን ቆለፈና ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠ።

ሥራው ያው ነው። ጠዋት ይጭናል፣ ሆስፒታል ያወርዳል፣ ብየዳ ቤት ያወርዳል። የለመደው ወሬ የመልቀም አመል ግን አልለቀቀውም። መንገድ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ያይና ለእማማ ይላል፤ ከዚያ እማማ እንደሌሉ ይታወሰዋል። ወሬው አፉ ውስጥ ይቀራል። ዝምታ ድሮ አይሰማውም ነበር፤ ለምዶት ነበራ። አሁን ግን አንዴ አውርቶ የቀመሰ ሰው ስለሆነ ዝምታው እንደ ጠባብ ጫማ ያሳምመዋል። የእረፍት ቀኑ ከሥራ ቀኑ ይረዝማል። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የጣራውን ቆርቆሮ ሲያይ ይውላል።

እማማ ደወሉለት። ማሽኑ ከኋላቸው ሲያጓራ ይሰማል፤ ቀን ከሌት እንደ ድመት ያንኮራፋል፣ ወሬ ግን አያውቅም አሉት። የልጅ ልጆቻቸው የስልክ ቤቱን ተረት አልጠግብ ብለዋቸዋል። ቀን ቀን ሁሉም ሲወጣ ቤቱ ጭር እንደሚል፣ ማታ ግን እንደሚሞላ ነገሩት። ድምፃቸው ደህና ነበር። በኋላም ደወሉ፤ ከዚያ እየራቀ ሄደ። ትንፋሽ አልተቀየመም። ስልክ የሚራራቀው ቤት ሲሞላ ነው፤ ይህን ያስተማሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እሱ ግን ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ መተኛት አልተወም።

አንድ የእረፍት ቀን ጋደም እንዳለ፣ የእማማና የልጃቸው ነገር መጣበት። ነይ አላልሽኝም፣ ነይ አላልሽኝም የተባባሉት። ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ጃኬቱን ለበሰ፣ ታክሲ ይዞ ወደ ታናሽ እህቱ ቤት ሄደ። ድግስ አልነበረም፤ የታመመ አልነበረም። ያለ ምክንያት በሯን አንኳኩቶ አያውቅም።

እህቱ በሩን ከፍታ ስታየው መልኳ ተለወጠ።

«ማን ሞተ?» አለችው።

«ማንም አልሞተም።»

«ምን ሆነህ ነው ታዲያ፣ ጋሼ?»

ትንፋሽ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን አየ። ቃሉ ከሲሊንደር ይልቅ ከበደው።

«ናፍቀሽኝ ነው።»

እህቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ሳመችው፣ ጎትታ አስገባችው፤ ትልቁን ሶፋ ልትሰጠው ስትል እዚሁ ይሻለኛል ብሎ በር አጠገብ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጠ። እሷ ግን ለሥራ ልትወጣ የተዘጋጀች ነበረች፤ ቦርሳዋን አንግታለች፣ ሰዓቷን ታያለች። እንግዲያው ልሂድ አላት፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ። አይሆንም አለችው፤ ልጆቹ ለምሳ ይመጣሉ፣ ትጠብቃቸዋለህ፣ እኔም ቶሎ እመለሳለሁ። ወጥታ ደረጃው ላይ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ በሩን ገፋ አድርጋ አየችው፤ እውነት መቀመጡን ልታረጋግጥ ይመስላል። ከዚያ ሄደች።

ቤቱ የሰው ቤት ነው። ማቀዝቀዣው ይጮሃል፣ ግድግዳው ላይ የማያውቃቸው ቀናት ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ በአንዱ እሱም አለ፣ ከፍ ያለው ወንበር ላይ፣ ከረባት አስሮ፣ ቀጥ ብሎ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከታች የሰዎች ድምፅ በመጣ ቁጥር ጆሮው ይቆማል፤ ድምፁ ያልፍና ሌላ በር ይከፈታል። ተነሥቶ ልሂድ አለ፤ መልሶ ተቀመጠ።

ልጆቹ ሲገቡ ትልቋ አወቀችው፤ ጋሼ ብላ ጉንጯን ሰጠችውና ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ትንሹ ግን በሩ ላይ ቀረ። ቦርሳው ከቁመቱ ይበልጣል። አየው፣ ፎቶውን አየ፣ መልሶ አየው።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለው።

«ልጠይቃችሁ» አለ ትንፋሽ።

ልጁ መልሱን ትንሽ አሰበበት። ከዚያ ወደ እሱ መጣና ጀርባውን አዙሮ ቆመ፤ ቦርሳው ከብዶት ኖሯል፣ እንዲያወርድለት። ትንፋሽ ማሰሪያውን ፈታና ከትከሻው ላይ አወረደለት።